«ማትስ ደረሰኝ፣ ምን ይሻለኛል?» አምቦ ላይ ሂሳብ አጥንቶ ወዴት ይኬዳል

የፍሬሽማን ተማሪዎች የዲፓርትመንት ድልድል በወጣ ቁጥር የውስጥ መስመራችን በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ማትስ ደረሰኝ፣ ምን ይሻለኛል?» «ማትስ መሆኑን ለቤተሰብ አልነገርኩም።» «ዊዝድሮው ሞልቼ በሚቀጥለው ዓመት ብመለስስ?» አብዛኞቹ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቤታቸው ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ጀልዱ፣ ባኮ ነው።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ከገጠር የመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚገባው ብቻውን አይደለም፤ ቤተሰቡም ሰፈሩም አብሮት ይገባል። ዶክተር ወይ ኢንጂነር ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ልጅ ለዓመት በዓል ቤት ሄዶ «ሂሳብ ነው የማጠናው» ሲል፣ ጎረቤት ቡናውን ፉት ብሎ «እሺ፣ አስተማሪ ልትሆን ነዋ» ይለዋል። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

እኛ የምናምነውን አስቀድመን እንንገራችሁ። የሂሳብ ዲግሪ ከአስተማሪነት ሌላ በር የለውም የሚባለው ውሸት ነው። «ሂሳብ ከተማርክ ዓለም ሁሉ ይፈልግሃል» የሚለው የቲክቶክ ሞቲቬሽንም እንደዚያው። በሮቹ አሉ፤ ግን ወረቀቱ ብቻውን የሚከፍተው ጥቂቱን ነው። የቀረውን የሚከፍተው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ከሂሳቡ ጎን የምትይዙት ነገር ነው። እንዴት እንደሆነ እንየው።

ክፍሉ ለምን ባዶ ሆነ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ነገር ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም ባች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በሪሚዲያል የሚገቡት ቢጨመሩም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ሰው ከድሮው ጋር አይወዳደርም። ካለፉት የናቹራል ተማሪዎች ውስጥ ደግሞ ጥሩ ጂፒኤ ያለው መጀመሪያ የሚመርጠው ሜዲስን፣ ኢንጂነሪንግና ሶፍትዌርን ነው። ሂሳብና ፊዚክስ የሚደርሳቸው ከዚያ የተረፈው ነው። በየዩኒቨርሲቲው ድሮ ሁለትና ሦስት ሴክሽን የነበረው ዲፓርትመንት አሁን አንድ ክፍል እንኳ አልሞላ የሚለው ለዚህ ነው።

ይሄ ለአገር መጥፎ ዜና ነው። ዛሬ ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሌለ ተማሪ ማለት ከአምስት ዓመት በኋላ ጊንደበረት ወይም ሜታ ሮቢ ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማይደርስ መምህር ማለት ነው። መምህር ያጡት ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ ሂሳብ ይወድቃሉ፤ ከዚያ እንደገና ክፍሉ ባዶ ይሆናል።

ለእናንተ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የሰው ማነስ ጥቅምም አለው። ትንሽ ክፍል ውስጥ መምህሩ በስማችሁ ያውቃችኋል። መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ኋላ ተቀምጦ የሚማር ልጅ ቢሮ ሄዶ «ቲቸር፣ ይቺን ፕሩፍ አልገባችኝም» አይልም። እናንተ ትላላችሁ። ነገ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልጋችሁም የሚያውቃችሁ ሰው ይኖራል። ደብዳቤው ጉዳይ ላይ እንመለስበታለን።

ውስጡ ምን አለ?

ፍሬሽማንን ጨምሮ አራት ዓመት ነው። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ነምበር ቲዎሪ፣ ሞደርን አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ኑመሪካል አናሊሲስ፣ ኦፕቲማይዜሽን፣ ፕሮባብሊቲ፣ ኮምፕሌክስ ቫሪያብል። ስማቸው ያስፈራል። ተማሪውን የሚጥለው ግን የስማቸው ብዛት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ሂሳብን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ «ሄሬጋ» ብለው። 9ኛ ክፍል ላይ በአንዴ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። በዚያም ላይ እስከ 12ኛ ድረስ ሂሳብ ማለት «መልሱን አግኝ» ነው፤ ፎርሙላ ይሰጣችኋል፣ ቁጥር ትከታላችሁ፣ ከአራቱ ምርጫ አንዱን ታጠቁራላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ላይ ጥያቄው ይቀየራል። «መልሱ ስንት ነው?» ቀርቶ «ለምን ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚሆን አሳይ» ይላል። ፕሩፍ የሚሉት ይሄ ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ። ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ይሰጣሉ። 3 እና 5፣ 8። 7 እና 11፣ 18። እንዲህ እያልን ሚሊዮን ምሳሌ ብንደረድር አላረጋገጥንም፤ ሚሊዮን አንደኛው ላይ ቢፈርስስ? ግን ማንኛውም ጎዶሎ ቁጥር «2ሀ + 1» ተብሎ መጻፍ ይችላል፤ ሌላኛውም «2ለ + 1»። ሲደመሩ 2ሀ + 2ለ + 2 ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ 2(ሀ + ለ + 1) ነው። ለሁለት ይካፈላል። አለቀ። አሁን ሚሊዮን ምሳሌ አያስፈልግም፤ እስከ ዓለም ፍጻሜ ልክ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ብዙ ሰው ዲ የሚያየው አእምሮ ስለሌለው ሳይሆን ይሄን አስተሳሰብ ማንም ቀድሞ ስላላለማመደው ነው። ሲኒየሮችን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። አንዴ ከገባ በኋላ ግን ከዲግሪው ትልቁ ትርፍ እሱ ነው። ቀጣሪም በኋላ የሚፈልገው «ይሄ ነገር እውነት ነው ወይስ እንዲሁ የሚመስል ነው?» ብሎ መለየት የሚችል ሰው ነው።

መምህርነትን እንዳናልፈው

ሰፊው በር እሱ ነው፤ አፍረን የምንዘለው ነገር አይደለም። በአፕላይድ ዲግሪ የተመረቀ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ፣ ማለትም ፒጂዲቲ፣ ይጨምራል። ከዚያ ክልሉ ይቀጥረዋል። ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የደረጃ እድገት አለው። በመስከረም 2018 ዓ.ም የተጀመረው የመንግሥት ደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ጀማሪን 11,500 ብር አድርጎታል። አምቦ ላይ ቤት ኪራይ ከፍሎ በዚህ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ምደባውም ሁልጊዜ አምቦ ወይም ጊንጪ አይደለም። በዞኑ አንዳንድ ወረዳዎች የፀጥታው ችግር ትምህርት ቤት ያስዘጋበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ሂድና አስተምር» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። በሌላ በኩል ጥሩ የሂሳብ መምህር ትርፍ ሰዓት የማያጣ ሰው ነው። የግል ትምህርት ቤት አለ፣ ቤት ለቤት ማስጠናት አለ፣ አዲስ አበባም በመኪና ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይሄን የምናነበው አብዛኞቻችን ስልክ ይዘን እዚህ የደረስነው አንድ ቀን አንድ የሂሳብ መምህር በትዕግሥት ደግሞ ስላስረዳን ነው።

የባኮ በቆሎ

አሁን ወደማይታየው በር። ከአምቦ በነቀምቴ መንገድ ስትሄዱ፣ ከዞኑ ሳትወጡ፣ ባኮን ታገኛላችሁ። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል በበቆሎ ዝርያ ይታወቃል። «ቢኤች 660» የሚባለውን ዘር ገበሬ አባት ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ «ቢ»ው ባኮ፣ «ኤች»ው ሃይብሪድ ነው። የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በሰፊው ከተዘሩት ዲቃላ ዝርያዎች አንዱ ነበር።

ሂሳብ እዚህ ምን ይሠራል? አዲስ ዘር ከነባሩ ይሻላል ለማለት ሁለቱን ዘርቶ መመዘን በቂ ይመስላል፤ አይደለም። ማሳ ሁሉ እኩል አይደለም። የታችኛው ጫፍ ውሃ ይይዛል፣ የላይኛው ጠጠር ነው። አዲሱን ዘር ታች ላይ ብትዘሩትና ቢያሸንፍ ያሸነፈው ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ? ስለዚህ ማሳው ብሎክ በብሎክ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ዝርያ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ይገባል፣ የት እንደሚዘራ ደግሞ በዕጣ ይወሰናል። አዝመራው ሲሰበሰብ ልዩነቱ ከዘሩ የመጣ ይሁን ወይም በአጋጣሚ፣ በሂሳብ ይለያል። ያ ስሌት ከተሳሳተ በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ የማይሆን ዘር በውድ ይገዛል። ቀልድ የለም።

ይሄን ዘዴ መልክ ያስያዘው ሮናልድ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ካምብሪጅ ላይ የተማረው ሂሳብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ሮታምስቴድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠረና የስንዴና የማዳበሪያ መረጃ ሲያገላብጥ ዛሬ የምንማረውን ስታቲስቲክስ ግማሹን ፈጠረው። ከእርሻ ጋር ያለው ነገር ለአምቦ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1939 ዓ.ም የተጀመረው የግብርና ትምህርት ቤት ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ምርምር ማዕከሎች፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የጤናና የእርዳታ ድርጅቶች ዳታ የሚሠራ ሰው ሲቀጥሩ የስታቲስቲክስ ተመራቂ ከፊታችሁ ተሰልፏል። የሂሳብ ተማሪ ሰልፉ ውስጥ የሚገባው የስታቲስቲክስ ኮርሶችን በምርጫ ከወሰደ፣ «አር» ወይም «ስታታ» የሚባሉትን ሶፍትዌሮች ከነካ ነው። ግቢ ውስጥ የግብርና ማስተርስ የሚሠሩ ተማሪዎች ዳታቸውን የሚተነትንላቸው ሰው ሲፈልጉ ታያላችሁ። ከእነሱ ጋር አንድ ክረምት ተቀመጡ፤ ለሲቪያችሁ ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሂሳብ

በቴሌብር ወይም በኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» ብድር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዋስ የለ፣ የቤት ካርታ የለ። ግን በደቂቃ ውስጥ «ይኸውልህ» ወይም «ይቅርታ» ይላችኋል። ማን ወሰነ? ቀመር ነው የወሰነው።

ለምሳሌ ያህል ቁጥሩን እኛው እንፍጠረው። ለ100 ሰው ለእያንዳንዱ 1,000 ብር አበደርን፤ የአገልግሎት ክፍያው 80 ብር ነው እንበል። 7 ሰው ጭራሽ ካልከፈለ፣ ከ93ቱ 7,440 ብር ክፍያ እናገኛለን፣ በጠፋው በኩል 7,000 እናጣለን፤ 440 ብር ተረፈን። 8 ሰው ካልከፈለስ? 7,360 አግኝተን 8,000 አጣን። 640 ብር ከሰርን። ከመቶ ውስጥ የአንድ ሰው ልዩነት ትርፉን ኪሳራ አደረገው! አሁን መቶውን ሚሊዮን አድርጉትና አስቡት። ለዚህ ነው አበዳሪው ከገንዘብ ዝውውራችሁ ተነስቶ የመክፈል ዕድላችሁን በፕሮባብሊቲ የሚገምት ሰው የሚፈልገው። ሁለተኛ ዓመት «ይሄ ምን ይሠራልኛል?» ያላችሁት ኮርስ ነው።

የባንክ ማስታወቂያ ስታዩ ግን አትደናገጡም አትታለሉም። ለጀማሪ ባንከር የሚወጣው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ ነው የሚዘረዝረው፤ ሂሳብ የሚል ላታዩ ትችላላችሁ። ማየት ያለባችሁ ሪስክ፣ ዳታ አናሊቲክስ፣ ዲጂታል ባንኪንግ የሚሉትን ክፍሎች ነው። ኢንሹራንስም አለ። አክቹዋሪ የሚባለው ሙያ፣ ማለትም አደጋን በሂሳብ ተምኖ አረቦንን የሚወስነው ሰው፣ እዚህ አገር እጅግ ጥቂት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለቦረና አርብቶ አደሮች የከብት መድን ይሸጣል፤ ካሳው የሚከፈለው የሞተ ከብት ተቆጥሮ አይደለም፣ ከሳተላይት በሚታየው የግጦሹ አረንጓዴነት እንጂ። ግጦሹ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ይከፈላል። ያንን መጠን ማስቀመጥ ሂሳብ ነው። የአክቹዋሪ ፈተናዎቹ ግን የለንደንና የአሜሪካ ማኅበራት የሚሰጧቸው፣ በዶላርና በፓውንድ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ብር ለሚቆጥር ተማሪ ይከብዳል፣ አንደብቅም።

ነምበር ቲዎሪንም እንንካት፣ ብዙ ስድብ የምትሰማ ኮርስ ስለሆነች። ቴሌግራም ላይ ሚስጥራዊ ቻት ስትከፍቱ ሁለቱ ስልኮች ማንም ሳያይ አንድ ቁልፍ ላይ የሚስማሙት ዲፊና ሄልማን የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ዘዴ ነው። መሠረቱ ፕራይም ቁጥርና ቀሪ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ፣ በየክረምቱ የሳይበር ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች ሲያሰለጥን ሰምታችሁ ይሆናል። ሰንሰለቱ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ኮድ ያልነካ የሂሳብ ተማሪ

ይሄን በግልጽ እንበለው፦ በ2018 ዓ.ም ፓይተን ሳይነካ የሚመረቅ የሂሳብ ተማሪ ራሱን ይጎዳል። ላፕቶፕ የለኝም ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ የብዙዎች ችግር ነው። የግቢው ኮምፒውተር ላብ በሰልፍም ቢሆን አለ፤ መጀመሪያውን በስልክም መለማመድ ይቻላል። «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለው ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው ፕሮግራም ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ መግቢያን በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። ሰርተፍኬቱን ፕሮፋይል ላይ ለመለጠፍ ብቻ የሚወስደው ሰው ብዙ ነው። ሊኒየር አልጀብራ የተማረ ሰው ግን እዚያ ያለውን ነገር ከሌላው በተሻለ ይረዳዋል፤ ኤአይ ከውስጡ ሲገለጥ አብዛኛው የማትሪክስ ብዜት ነውና።

ከእኛ ሰዎች ረድኤት አበበን ጉግል አድርጓት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ሃርቫርድ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የሠራችው በሂሳብ ነው፤ ካምብሪጅም ሄዳ ሂሳብ ቀጠለች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ዞረች፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። የሠራችበት ጥያቄ የኛን ሰፈር ይመስላል፦ የድጋፍ ገንዘቡ ውስን ነው፣ ድንገት ገቢ የሚቋረጥበት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ድጋፉ ለማን፣ መቼ ቢሰጥ ብዙ ሰው ከድህነት ይተርፋል? አምቦ ሃርቫርድ አይደለም፣ እናውቃለን። መንገዱን ግን ተመልከቱት። ሂሳቡ ቀደመ፣ ኮዱ ተከተለ።

ስኮላርሺፕና ያ ደብዳቤ

ማስተርስ በውጭ አገር ሲባል ሁሉም አሜሪካንና አውሮፓን ነው የሚያስበው። ለሂሳብ ተማሪ የቀረበው ግን እዚሁ አፍሪካ ነው። ኤይምስ፣ ማለትም የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕታውን ላይ ተጀምሮ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ ደርሷል። ለተቀበላቸው ተማሪዎች ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ጉዞውን ይሸፍናል፤ ለማመልከት ክፍያ የለም። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒም በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ የሂሳብና የፊዚክስ ተመራቂዎች ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው። ሁለቱም በየድረ ገጻቸው ነው የሚያስመለክቱት። «በ5,000 ብር አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ በቴሌግራም ከመጣ ብሎክ አድርጉት።

ለእነዚህ የሚያስፈልገው ጥሩ ትራንስክሪፕት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም የተጀመረውን የመውጫ ፈተና 50 እና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ ግድ ነው፤ ሳያልፉ ዲግሪው ራሱ አይሰጥም። ፓስፖርት ቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሰው ዕድል አግኝቶ በፓስፖርት ቀጠሮ የሚያመልጠው ብዙ ነው። ከዚያ ደግሞ የሁለት ወይም የሦስት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ።

ደብዳቤውን የሚጽፍላችሁ መምህር «ጥሩ ተማሪ ነበር» ብሎ በሁለት መስመር ቢጨርስ አይረዳችሁም። «ሦስተኛ ዓመት ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ቢሮዬ መጣ፣ ሳምንት ሙሉ ለፍቶ ፈታው» የሚል ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማትስ የደረሳችሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳያልቅ ሁለት መምህር ምረጡ። የማይገባችሁን ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለቀሳችሁባትን ያቺን ፕሩፍ ከነስህተቷ ይዛችሁ ሂዱ።